የጋጋሪን ፖስት ካርድ ኮላ አይወድም

አጎቴ በደርግ ጊዜ ኪየቭ ተምሮ ሲመለስ ይዞ ከመጣው ዕቃ እኔ እጅ የገባው ጥቂት ነው። አንድ የመጀመሪያው የህዋ ተጓዥ የዩሪ ጋጋሪን ፖስት ካርድ፣ የሶቪየቷ ሶዩዝና የአሜሪካዋ አፖሎ መንኮራኩሮች ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ህዋ ላይ የተገናኙበትን የሚያስታውስ ባለቀለም ፎቶ፣ እና አሥራ አንድ የደረት ባጅ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና በተወነጨፈች ማግስት የገዛሁትን ጋዜጣ ጨመርኩበት። የተወነጨፈችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፣ አርብ ጠዋት። ጋዜጣውን ለልጅ ልጅ አቆያለሁ ብዬ ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ጠቅልዬ ፍሬም ቤት ወሰድኩት።

ልጁ ክፋት የለበትም። «ወንድሜ፣ ጋዜጣውን በኮላ ካልመታሁት ይሸበሸባል» አለኝ። እሺ አልኩ። ጋዜጣውን ቺፑድ ላይ በኮላ ለጠፈው፣ ፖስት ካርዱን በአራት ማዕዘኑ በፕላስተር ያዘው፣ ፎቶውን ያለ ክፍተት መስታወቱ ሥር አስገባው። እኔም ደስ ብሎኝ የካ አባዶ ያለችው ኮንዶሚኒየሜ ሳሎን ውስጥ ሰቀልኩት። አምስት ክረምት አለፈበት። ጋዜጣው አሁን የሻይ ቀለም ነው። ከቺፑዱ ላይ የሚያላቅቀው ኃይል የለም፣ ሞክሬ ጫፉን ቀድጄዋለሁ።

እና እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ። ወረቀቱን የሚገድለው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ገዳዩ ራሱ ፍሬሙ ነው። ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ተራ ካርቶን፣ ሁሉም አሲድ ይተፋሉ። ጋዜጣ ደግሞ በራሱ ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገር የሞላበት ነው፣ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፤ ጀርባው ላይ ቺፑድ ስትለጥፉበት በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

መጀመሪያ መፍታት ነው። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፉና ፍሬሙን በፊቱ ድፉት። ከመንካታችሁ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሱ። ሚስማሩን በፒንሳ ቀስ እያላችሁ ንቀሉ። ፎቶው መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ ግን አቁሙ። አትጎትቱ፣ ውኃ አታርከፍክፉ፣ ቢላዋ አታስገቡ። ከነመስታወቱ ስካን አስደርጉትና ለባለሙያ እስኪደርስ እንዳለ ይቀመጥ። የኔ ዕድለኛ ነው፣ አንዱ ጥግ ብቻ ነበር የተጣበቀው፣ እሱም በራሱ ለቀቀ።

ፕላስተር ያለበትን ደግሞ ከካርዱ ላይ ለመላጥ አትታገሉ። እኔ ከካርዱ ጠርዝ ወጣ ብሎ ያለውን በምላጭ ቆረጥኩት፣ ካርዱ ላይ የቀረውን ተውኩት። የካርዱን ጀርባ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአጎቴ እጅ፣ «እማዬ ብርዱን ለምጄዋለሁ አታስቢ» ይላል። ከሥሩ ያሉትን ሁለት ቃላት ፕላስተሩ ውጧቸዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነበር።

የጀርባ ነገር ከተነሳ፣ የናሳ የድሮ ፎቶ ካላችሁ ጀርባውን ሳታዩ ለማንም እንዳትሰጡ። በአፖሎ ዘመን የታተሙ ብዙዎቹ ፎቶዎች ጀርባቸው ላይ «ኤ ኮዳክ ፔፐር» የሚል ጽሑፍ ተደጋግሞ ይታያል፣ ፊታቸው ላይ ደግሞ ጠርዙ አካባቢ በቀይ ወይም በጥቁር የታተመ ቁጥር አለ። ዋጋው ያለው እዚያ ነው። ኮላ ቀባችሁበት ማለት መታወቂያውን ቀደዳችሁ ማለት ነው።

አሁን ዕቃው። ፎቶውን ከመስታወቱ የሚያርቀው እንደ መስኮት የተቆረጠ ካርቶን፣ ከኋላ የሚደገፍበትም ካርቶን፣ ሁለቱም አሲድና ሊግኒን የሌላቸው፣ ቢቻል ከመቶ በመቶ ጥጥ የተሠሩ መሆን አለባቸው። እዚህ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ንገሩት። በሻንጣ ስለሚገባ መጠኑን አስቀድማችሁ ለክታችሁ ላኩለት፤ አለዚያ ትልቁን ገዝቶ አጥፎ ያመጣላችኋል፣ በኔ ደርሷል። የአሲድ መፈተሻ እስክሪብቶም አስመጡ። ካርቶኑ ጥግ ላይ ስትጭሩበት ሐምራዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ አሲድ አለበት። «አሲድ የለውም» ተብሎ የተሸጠልኝ አንዱ ቢጫ ሆኖብኛል።

ለፎቶና ለፖስት ካርድ ሙጫ ጨርሶ አያስፈልግም። ከጥርት ያለ ፖሊስተር የተሠሩ የጥግ ኪሶች አሉ። ኪሱ ካርቶኑ ላይ ይጣበቃል፣ ፎቶው ኪሱ ውስጥ ይገባል፣ ሙጫ ፎቶውን አይነካም። ጥግና ጥግ አታጥብቁት፣ ወረቀት በክረምት ስለሚያብጥ ትንሽ መፈናፈኛ ተዉለት። የፒቪሲ ፕላስቲክ ግን አይሆንም፣ እያደር አሲድ ያወጣል።

እንደ ፖስተር ያለ ሰፊና ቀጭን ወረቀት ከሆነ ኪስ አይችለውም። እሱን ከላይ በኩል ብቻ ቀጭን ግን ጠንካራ በሆነው የጃፓን ወረቀት ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ታንጠለጥሉታላችሁ፣ ሙጫው ደግሞ የስንዴ ስታርች ነው። ልጅ ሆነን ደብተር የምንለጥፍበት የዱቄት ሙጫ አይደለም፤ ዱቄት ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ስላለው ይደርቃል፣ ብልም ይጠራል። አንድ እጅ ስታርች በአራት ወይም በአምስት እጅ ውኃ በጥብጡና በቀስታ እሳት ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትሰለቹ አማስሉ። ወፈር ያለ አጥሚት ሲመስል አውርዱት፣ ሲበርድ በወንፊት አሳልፉት። በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ላዩ ላይ ክብደት አስቀምጡና እስኪደርቅ ጠብቁ። ከሽታው ላይ ለውጥ ካያችሁ ድፉት።

ባጆቹን አቡጀዴ ላይ ሰካኋቸው። ጨርቁን በሙቅ ውኃ ደጋግሜ አጥቤ አደረቅሁት፣ ከዚያ አሲድ የሌለው ካርቶን ላይ ወጠርኩት። ሱፍ ግን አይሆንም፣ ድኝ ስላለው ብርና መዳብን ያጠቁራል። በሎሚና በአመድ ልፈትጋቸው የምትል እናት ካለቻችሁ በትሕትና አስቁሟት። የኔዋ አንዱን ፈትጋዋለች፣ ቀለሙ የለም።

መስታወቱ አልትራቫዮሌት የሚባለውን የማይታይ የፀሐይ ጨረር የሚከለክል ቢሆን ይመረጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፣ አልትራቫዮሌት ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ግን መስታወቱ ጥሩ ነው ብላችሁ ፀሐይ ላይ እንዳትሰቅሉት፤ የሚታየውም ብርሃን ያደበዝዛል፣ በተለይ በፍሎማስተር የተፈረመ ፊርማ ቶሎ ነው የሚጠፋው።

የት ይሰቀል? እንደኛ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ በሐምሌ የውጭውን ግድግዳ በእጃችሁ ንኩት። ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዱም ያልባል። እዚያ አይሰቀልም። ሁለት ክፍል የሚለየው የውስጥ ግድግዳ ይሻላል፣ ከፍሬሙ ጀርባ በታች በኩል ሁለት ቁራጭ ቡሽ ለጥፋችሁ አየር እንዲዞር አድርጉ። የክፍሉ አየር እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ይመጣል። የእርጥበት መለኪያ ትንሽ ነገር ናት፣ አንድ ግዙ። ከምጣድና ከረከቦት ራቅ ይበል። የእጣኑ ጭስ የት የሚሄድ ይመስላችኋል?

ስለ ጋዜጣ ደግሞ ቁርጡን ልንገራችሁ፤ ኦሪጅናሉን አትስቀሉት። ጥሩ ስካን አስደርጉና ቅጂውን ስቀሉ፣ ኦሪጅናሉ አሲድ በሌለው ፎልደር ውስጥ ተዘርግቶ ጨለማ ውስጥ ይተኛ። ላሚኔሽን የሚላችሁ ሰው ካለ ተሰናበቱት። አንዴ ከገባ አይወጣም።

ፖስት ካርዱን ግን ሰቅዬዋለሁ። የኋላውን ካርቶንም እንደ መስኮት ቆርጬ በጥርት ያለ ፖሊስተር ሸፈንኩት፣ ፍሬሙን ስትገለብጡት የአጎቴ ጽሑፍ ይነበባል። መስቀል ሲያልፍ ሁሉንም አወርዳለሁ፤ ሻጋታ፣ ብል፣ የተላቀቀ ኪስ እያልኩ አያለሁ። ዘንድሮ አጎቴ ራሱ መጥቶ ነበር። ገልብጬ ሰጠሁትና ፕላስተሩ የዋጣቸው ቃላት ምን እንደነበሩ ጠየቅሁት። መነጽሩን አውልቆ አስጠግቶ አየና «ገንዘብ ላኪልኝ ነዋ» አለ።