ለቤት ሂቲንግ ቴርሞስታትና የራዲያተር መቆጣጠሪያ እንዴት እንደሚመረጥ

አገር ቤት «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። እዚህ ለንደን በጥቅምት የሚነሳው ወሬ የሂቲንግ፣ የቤት ማሞቂያ ነው። እናቴ ለጥየቃ የመጣች ጊዜ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ደርባ ነበር የምትውለው። ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤት ደግሞ መስኮት ካልተከፈተ አያስተኛም። ቦይለሩ ደህና ነው። ችግሩ መቆጣጠሪያዎቹ ነበሩ። ያኔ ያወቅኩትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

1. ማን ምን እንደሚያዝ ለዩ

ቦይለሩ ውሃ ያሞቃል፣ ፓምፑ ውሃውን በየክፍሉ ወዳሉት ማሞቂያ ብረቶች፣ ወደ ራዲያተሮቹ ይገፋል። ግድግዳ ላይ ያለው ቴርሞስታት የተሰቀለበትን ክፍል አየር ይለካል። ክፍሉ የተባለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ቦይለሩን «በቃ» ይለዋል። ሰዓቱን የሚወስነው ታይመሩ ነው። ራዲያተሩ ጎን ላይ ያለው ባለቁጥር መዘውር ደግሞ የዚያን ራዲያተር ውሃ ብቻ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ባለሙያዎቹ ቲአርቪ ይሉታል። ተራው ቲአርቪ ቦይለሩን ማዘዝ አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ብርድ ሲሆን ሁሉንም ራዲያተር 5 ላይ ያደርጋል። 5 ማለት ግን «ቶሎ ሙቅ» ማለት አይደለም። «ክፍሉ በጣም እስኪሞቅ አትዝጋ» ማለት ነው። 3 ላይም ቢሆን ክፍሉ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ውሃው እኩል ይገባል።

2. ቤቱን ዞራችሁ እዩ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን ያዙና ፎቶ አንሱ። ቴርሞስታቱ የት ነው? የትኞቹ ራዲያተሮች ቲአርቪ አላቸው? የቦይለሩ ሞዴል ምንድን ነው? የሙቅ ውሃ ታንከር አለ ወይስ የለም?

3. ቴርሞስታቱን ምረጡ

ከመሣሪያው ዓይነት በፊት ቦታውን አስቡ። የእኛ ቴርሞስታት ኮሪደር ላይ፣ የውጭ በሩ አጠገብ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ይመታዋል፤ ቤቱ ሁሉ የበረደ ይመስለውና ቦይለሩን ያስነሳል። ፎቅ ላይ የምንቀቀለው ለዚህ ነበር። ጥሩ ቦታ የሚባለው ብዙ የምትቀመጡበት ክፍል ነው፤ ከወለል ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ። ከራዲያተር፣ ከፀሐይ፣ ከቲቪና ከመጋረጃ ይራቅ። ኩሽና በፍጹም አይሆንም።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ የምትወጡበትና የምትገቡበት ሰዓት የታወቀ ከሆነ ሰዓትና ሙቀት የሚሞላበት ተራ ዲጂታል ቴርሞስታት ይበቃችኋል። በስልክ የሚታዘዘው ስማርት የሚባለው የሚጠቅመው ሰዓታቸው ለሚለዋወጥ ነው። አንድ ሳምንት ማታ፣ አንድ ሳምንት ቀን ለሚሠራ ሰው በእርግጥ ገንዘቡን ያወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ከቦይለራችሁ ጋር እንደሚሄድ አረጋግጡ። ሁለቱም ኦፕንቴርም የሚባለውን መግባቢያ የሚያውቁ ከሆነ ጥሩ ነው። ቦይለሩ ዝም ብሎ ከመብራትና ከመጥፋት ይልቅ የውሃውን ሙቀት ራሱ ዝቅ ከፍ ያደርጋል፤ ጋዝም ይቆጥባል።

4. ቲአርቪዎቹን ምረጡ

ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ቴርሞስታቱ ባለበት ክፍል ያለው ራዲያተር ቲአርቪ አይኑረው፤ ካለውም እስከ መጨረሻው ይከፈት። ምክንያቱን እዩት። ቴርሞስታቱ 21 ዲግሪ ይጠብቃል፣ ቲአርቪው ግን 19 ላይ ራዲያተሩን ይዘጋል። ክፍሉ 21 አይደርስም። ቦይለሩም «በቃ» የሚለው ስለሌለ ሲነድ ያመሻል። ቶፕ አፕ የምታደርጉት የጋዝ ካርድ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

በሌሎቹ ክፍሎች ቲአርቪ ይኑር። ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የቫልቩ አካል ቀድሞ ካለ ላዩ ላይ ያለውን መዘውር ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ውሃ አይፈስም። ብዙዎቹ በ30 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይታሰራሉ። እንደ ዳንፎስ ያሉት ግን የራሳቸው አገጣጠም ያላቸው ሞዴሎች አሏቸው፤ ፎቶውን ለሻጩ አሳዩ። ቫልቩ ከነጭራሹ ከሌለ ውሃው መውረድ ስላለበት ቧንቧ ሠራተኛ አስጠሩ። ራዲያተሩ በሶፋ ወይም በወፍራም መጋረጃ የሚሸፈን ከሆነ የሙቀት መለኪያው በሽቦ ተነጥሎ የሚወጣ ቲአርቪ ግዙ። አለበለዚያ መጋረጃው ሥር የታፈነውን ሙቀት ለክቶ ይዘጋል።

አንድ ራዲያተር አልሞቅ ካለ ወዲያው አዲስ አትግዙ። መዘውሩን 5 ላይ አድርጉና ቀለበቱን ፈታችሁ አውጡት። መሐል ላይ ቀጭን ሚስማር የመሰለች ዘንግ ታያላችሁ። በሳንቲም ጫን ስትሏት ገባ ብላ ተመልሳ መውጣት አለባት። የእኛዋ ገብታ ቀርታ ነበር። የቫልቩን ጎን በእንጨት ማንኪያ ቀስ አድርጌ መታ መታ ሳደርገው ጠብ ብላ ወጣች። በፒንሳ ግን አትጎትቷት፤ ከወጣች ውሃው ይከተላታል። ቲአርቪውን በጋውን ሁሉ ዘግቶ መተው ነው ዘንጓን የሚያጣብቃት።

5. ቁጥሮቹን ሙሉ

ቴርሞስታቱን 20 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። በየሁለት ቀኑ አንድ ዲግሪ ቀንሱ፤ ሲበርዳችሁ አንድ መልሱ። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ካለ ከ18 አትውረዱ። ቲአርቪ ላይ 3 ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለመኝታ ቤት 2 አካባቢ ሞክሩ። የበረዶ ምልክቷ ቧንቧው በረዶ እንዳይሠራ ብቻ ናት፤ ለሚኖርበት ክፍል አትሆንም።

6. ማን ይግጠመው?

የቲአርቪን መዘውር መቀየር ማንም ይችላል። ግድግዳው ላይ ያለው የቴርሞስታት ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ 230 ቮልት ይይዛል፤ ለኤሌክትሪሺያን ተዉት። የቦይለሩን ክዳን የሚከፍተው ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። መታወቂያ ካርዱን ጠይቁ፤ ከጀርባው ምን ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ተጽፏል።

ተከራይ ከሆናችሁ ቴርሞስታቱን ከመንካታችሁ በፊት ለአከራዩ በጽሑፍ ንገሩ። ቲአርቪ በራሳችሁ ገንዘብ ከቀየራችሁ የድሮዎቹን በፌስታል አስራችሁ፣ የየትኛው ክፍል እንደሆኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ቤቱን ስትለቁ እነሱን መልሳችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።