በወር አበባ ጊዜ ስኩባ ዳይቪንግ፦ ከአዳማ ወደ ጅቡቲ ለምትሄጂ

ከአዳማ ባቡር ተሳፍረሽ ጅቡቲ ወርደሽ ስኩባ ዳይቪንግ ለማድረግ፣ ማለትም የአየር ጋን ይዘሽ ባሕር ለመጥለቅ፣ ቀን ቆርጠሻል፤ የወር አበባሽ ደግሞ በዚያው ሳምንት ይመጣል። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ጉዞውን ይሰርዛሉ፤ «ሻርክ ደም ያሸታል» ስለሚባል። መሰረዝ አያስፈልግም። ከሻርኩ ይልቅ ሊያሳስብሽ የሚገባው የመመለሻው መንገድ ነው፤ እሱን ወደኋላ እናየዋለን።

ስለ ሻርክ ሂሳቡን እንሥራ

በአንድ የወር አበባ የሚፈሰው ደም አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው። 60 ሚሊ ሊትሩን ለ5 ቀን ብናካፍለው ለአንድ ሰዓት የሚደርሰው ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። አንዱ ዳይቭ (አንድ ጊዜ መጥለቅ) 45 ደቂቃ ቢፈጅ ሰባት ስምንት ጠብታ መሆኑ ነው። በሚበዛበት ቀን እጥፍ ቢሆን እንኳ የሻይ ማንኪያ ሩብ አይሞላም፤ ከዚያም አብዛኛው በታምፖኑ (ብልት ውስጥ በሚገባው ደም መጣጭ) ወይም በወር አበባ ኩባያው ይያዛል።

ሻርክ በእርግጥ ጥሩ አፍንጫ አለው። ምግብ ብሎ የሚከተለው ግን የቆሰለ ዓሣ ደም፣ የሆድ ዕቃና መንፈራገጥ ነው። የሻርክ ንክሻዎችን የሚመዘግበው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ የወር አበባ ለንክሻ ምክንያት ስለመሆኑ ማስረጃ የለውም። ከተነከሱት የሚበዙት ወንዶች ናቸው፤ ይህ በከፊል ባሕር ውስጥ የሚቆዩት ወንዶች ስለሚበዙ ነው።

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ አካባቢ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰው ለማየት የሚሄደው ዌል ሻርክ ደግሞ አፉን ከፍቶ ውሃ እያጣራ ፕላንክተን (በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) የሚመገብ ነው። ከእሱ መጠንቀቅ ያለብሽ ከጅራቱ ነው፦ ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ራቂ፣ አትንኪው። ዓሣ ከሚወጋ ሰው አጠገብ፣ በደፈረሰ ውሃ ወይም ሲመሻሽ አለመጥለቅ ለሁሉም ጠላቂ፣ ለወንዱም፣ የሚሠራ ጥንቃቄ ነው።

ከአንድ ወር በፊት፦ ምን እንደምትጠቀሚ ወስኚ

ሞዴስ ለውሃ አይሆንም። ደቂቃ ሳይቆይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። የሚሠሩት ሦስት ናቸው።

ታምፖን በየ4 እስከ 8 ሰዓት ይቀየራል፤ ከ8 ሰዓት በላይ ማቆየት ቶክሲክ ሾክ ለሚባለው አደገኛ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። እንደ ሞዴስ በየሱቁ ስለማይገኝ ለጉዞው የሚበቃሽን አዳማ ሳለሽ ግዢ፣ ጅቡቲ ላይ ለመፈለግ አትተዪው። ብልት ውስጥ ገብቶ ደሙን የሚያጠራቅመው የሲሊኮን ኩባያ እስከ 12 ሰዓት ይይዛል፣ ስለዚህ ጀልባ ላይ መቀየር አያስፈልግም። ግን ለመልመድ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል፤ ሉፕ (ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) ያለባት ሴት ደግሞ ኩባያው ሲወጣ ሉፑን ሊስብ ስለሚችል መጀመሪያ ባለሙያ ታማክር። ሦስተኛው ለዋና የተሠራ የወር አበባ ፓንት ነው፤ ደሙ ቀለል ላለበት ቀን ይበቃል።

ያላገባች ልጅ ታምፖን ድንግልናን ያጠፋል ብላ ትፈራለች። ሃይመን ብልትን እንደ ክዳን የሚዘጋ ነገር አይደለም፤ የሚለጠጥ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ስስ ሥጋ ነው። ያም ሆኖ ካልፈለገች አትገደድ፤ ፓንቱ አለ።

የመረጥሽውን ሶደሬ ገንዳ ሄደሽ አንድ ሰዓት ዋኝተሽ ሞክሪው። የሚያፈስ ከሆነ እዚያ ብታውቂው ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ታምፖኑ በበቂ ጥልቀት ስላልገባ ነው፤ ከተሰማሽ ወይም ከቆረቆረሽ ገና አልገባም ማለት ነው።

የወር አበባሽ በሚጠበቀው ቀን ካልመጣ ደግሞ ከመጥለቅሽ በፊት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ነፍሰ ጡር ስኩባ አትጠልቅም።

በዕለቱ

ዌትሱቱን (ሰውነት ላይ የሚጣበቀውን የመጥለቂያ ልብስ) ከመልበስሽ በፊት፣ ጀልባው ከወደብ ሳይወጣ፣ ታምፖኑን ቀይሪ። ክሩን ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ውሃ ይስባል። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ የዋና ልብስ ከስር ልበሺ። ሁለት ክፍል የሆነ ዌትሱት ካገኘሽ ሽንት ቤት ስትሄጂ ሙሉውን ከማውለቅ ያድንሻል። በሁለቱ ዳይቮች መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ዕረፍት ስላለ ያኔ እንደገና ቀይሪ፤ ውሃ የነካው ታምፖን ደም የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ጥቁር ፌስታል ያዢ፣ ያገለገለውን ባሕር ውስጥ አትጣዪ።

የውሃው ግፊት ደሙን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል የሚባለው ልክ አይደለም። 18 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው 2.8 እጥፍ ቢሆንም ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚጫን የሚገፋው ነገር የለም። ታምፖኑም ሆነ ኩባያው ምንም አይሆንም። ታች ወርደሽ ብታፈሺ ደግሞ ቀይ አትጠብቂ፤ ቀይ ብርሃን በውሃ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋ በመሆኑ ከ10 ሜትር በታች ደም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አትደንግጪ።

ለቁርጠት ምግብ በልተሽ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን መውሰድ ይቻላል፤ ጨጓራ ካለብሽ ፓራሲታሞል ይሻላል። መድኃኒቱን መጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ላይ አትሞክሪው። መድኃኒት ወስደሽም ካልተሻለሽ፣ የሚያስመልስሽ ከሆነ፣ ራስሽ የሚዞር ከሆነ ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም ከሆነ የዚያን ቀን አትጥለቂ። ሬጉሌተር (ከጋኑ አየር የምትተነፍሺበት የአፍ መሣሪያ) አፍ ላይ እያለ ማስታወክ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንድ ጥናቶች በወር አበባ የመጀመሪያ ቀናት ዲኮምፕሬሽን ሲክነስ (ግፊት ሲቀንስ ናይትሮጅን በሰውነት ውስጥ አረፋ ሆኖ የሚያመጣው ሕመም) ከፍ ሊል እንደሚችል ጠቁመዋል፤ ስለዚህ ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረው ዳይቭ ኮምፒውተርሽ ከሚፈቅደው ጊዜ ቀነስ አድርጊ፣ ውሃ በደንብ ጠጪ፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆመሽ ውጪ።

ለባቡሩ አትቸኩዪ

ከባሕር ከወጣሽ በኋላ ደምሽና ሥጋሽ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅን ይቀራል። ከፍታ ቦታ ስትወጪ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ናይትሮጅኑ አረፋ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ለአውሮፕላን ብቻ ያስበዋል። ጠብቆ የመውጣት ገደቡ የሚጀምረው ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ600 ሜትር ከፍታ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ገና ከጅቡቲ ሳይወጣ አሊ ሳቢህ ላይ ከዚያ ያልፋል፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቅሽ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከአንድ በላይ ወይም ለተከታታይ ቀናት ከጠለቅሽ ቢያንስ 18 ሰዓት ጅቡቲ ላይ ቆዪ። 24 ቢሆን ይመረጣል። ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ትኬቱን ስትቆርጪ የመጨረሻውን ዳይቭ ከባቡሩ ወደኋላ ቆጥረሽ ያዢ። በመንገድ ላይ መገጣጠሚያሽን ከወጋሽ፣ ከደነዘዘሽ ወይም ከመጠን በላይ ከደከመሽ የወር አበባ ሕመም ነው ብለሽ አትለፊው፤ ለሐኪም መቼና ስንት ሜትር እንደጠለቅሽ ንገሪ።