የትኛው ስልክ ነው አስተማማኝ? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

«አይፎን ነው ሳምሰንግ ነው ደህንነቱ የሚሻለው?» ለሚለው ጥያቄ ማርክ ብቻውን መልስ አይሆንም። አይፎን 8 እና ጋላክሲ ኤስ 8 ሁለቱም በ2017 የወጡ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አዲስ ሳሉ ሁለቱም ጠንካራ ስልኮች ነበሩ። ሳምሰንግ ለኤስ 8 አፕዴት መላክ ያቆመው በ2021 ነው፤ ለአይፎን 8 ግን በ2025 እንኳ የደህንነት ጥገና መጥቶለታል። ስለዚህ ማወዳደር ያለብዎት አፕዴቱ እስከ መቼ እንደሚመጣ፣ ሶፍትዌሩ ተነካክቶ እንደሆነና ስልኩ በማን አካውንት እንደተቆለፈ ነው። ሦስቱንም ከስልኩ ምልክት ማወቅ ይቻላል።

«አፕዴት የለም» ይላል፣ ቀኑ ግን የቆየ ነው

አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን»፣ ከዚያ «አንድሮይድ ቨርዥን» ይክፈቱ። ሳምሰንግ ከሆነ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ውስጥ ነው። «ሴኩሪቲ ፓች» ወይም «ሴኩሪቲ አፕዴት» ከሚለው ጎን ያለውን ቀን ይዩ። መታየት ያለበት ይህ ቀን ነው። አንድሮይድ 13 ወይም 14 የሚለው ቁጥር ብዙ አይነግርዎትም። ጎግል ከ2015 ጀምሮ በየወሩ የተገኙ ቀዳዳዎችን እየደፈነ ያወጣል፤ ጥገናው እርስዎ ጋ የሚደርሰው ግን አምራቹ ለሞዴሉ አዘጋጅቶ ሲልከው ነው። ቀኑ ከስድስት ወር በላይ ካለፈውና «አፕዴት የለም» ካለ አምራቹ ወይ ዘግይቷል ወይ ትቶታል።

አምራቾች የገቡት ቃል እዚህ ላይ ይለያያል። የጎግሉ ፒክስል 8 (2023) እና የሳምሰንጉ ጋላክሲ ኤስ 24 (2024) የ7 ዓመት፣ ርካሹ ጋላክሲ ኤ16 ደግሞ የ6 ዓመት ቃል አላቸው። ያገለገለ ውድ ስልክ ከመግዛት አዲስ ኤ16 የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ሻጩ ይህን አይነግርዎትም። አይፎን በተግባር ረጅም ዕድሜ አለው፦ በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ በጥር 2023 የደህንነት ጥገና ደርሶታል።

መፍትሄው ሁለት ነው። መጀመሪያ «ጎግል ፕሌይ ሲስተም አፕዴት» የሚለውን ለብቻው ይጫኑት፤ አምራቹ ቢተወውም ከጎግል በቀጥታ የሚመጣ ክፍል አለው። ቀኑ ከዓመት በላይ ያረጀ ከሆነ ግን የባንክና የቴሌብር አፖችን አፕዴት ወደሚያገኝ ስልክ ያዛውሩ፤ አሮጌው ለሙዚቃና ለካሜራ ይሁን።

ሲበራ «ኦሬንጅ ስቴት» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል

ስልኩ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ በትንንሽ ፊደል «ኦሬንጅ ስቴት» ይልና ስልኩ እንደማይታመን፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ እንደሚነሳ ይጻፋል። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። ትርጉሙ ግን ከባድ ነው፦ ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲነሳ ሲስተሙን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ተከፍቷል፣ ማለትም ስልኩ የሚጭነውን ሶፍትዌር ከፋብሪካ የወጣ መሆኑን ማጣራት አቁሟል። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ጥገና ቤት የአካውንት ቁልፍ ለመስበር ወይም የሌላ ሀገር ሶፍትዌር ለመጫን ሲከፍተው ነው። አንዳንድ የባንክ አፖች «ይህ ስልክ ሩት ተደርጓል» (የሲስተሙ ጥበቃ ተሰብሯል) ብለው እምቢ የሚሉትም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሳምሰንግ ላይ ምልክቱ ሌላ ነው። ኖክስ የሚባል ፊውዝ አለ፤ ኦፊሴላዊ ያልሆነ ሶፍትዌር ሲጫን ከ0 ወደ 1 ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ሴኪዩር ፎልደር የሚባለው ለብቻው የሚቆለፍ የሳምሰንግ ማህደር እንደገና አይሠራም። ያገለገለ ሳምሰንግ ሲገዙ ሴኪዩር ፎልደርን እዚያው ሻጩ ፊት ለመክፈት ይሞክሩ።

መፍትሄ፦ ፎቶና ስልክ ቁጥሮችን ያውጡ (ሁሉም ይጠፋል)፣ ለትክክለኛው ሞዴል ቁጥር የወጣውን ኦሪጅናል ሶፍትዌር ያስጭኑ፣ ቡትሎደሩን መልሰው ያስቆልፉ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። የተነካካ ሶፍትዌር ላይ ቡትሎደር ከተቆለፈ ስልኩ ላይነሳ ይችላል። ሲጨርሱ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ፕሮፋይልዎን፣ «ሴቲንግስ»ን፣ «አባውት»ን ነክተው ስልኩ «ሰርቲፋይድ» (በጎግል የተረጋገጠ) መሆኑን ያረጋግጡ። ፎርጅድ ስልክም ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚሁ ጋ ነው።

ምንም ሳይከፍቱ ማስታወቂያ ይመጣል፣ ካርድ ይበላል

መጀመሪያ አፕ ነው ወይስ ሲስተሙ የሚለውን ይለዩ። የማጥፊያ ቁልፉን ተጭነው «ፓወር ኦፍ» የሚለው ሲመጣ ጣትዎን ሳያነሱ ያዙት፤ «ሴፍ ሞድ» ይጠይቃል፣ እሺ ይበሉ። በዚህ ሁኔታ ከስልኩ ጋር የመጡት አፖች ብቻ ይሠራሉ። ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።

ማስታወቂያው ከቆመ ጥፋቱ እርስዎ የጫኑት አፕ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከፕሌይ ስቶር ውጭ፣ በቴሌግራም ቻናል የወረደ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል)። የአፖች ዝርዝር ውስጥ ገብተው ስሙ ባዶ የሆነ ወይም ምስሉ የሌለ ካለ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ። «ዲስፕሌይ ኦቨር አዘር አፕስ» እና «አክሰሰቢሊቲ» ፈቃድ ማን እንደያዘ ይዩ። የእጅ ባትሪ አፕ አክሰሰቢሊቲ ምን ይሠራለታል? ስክሪንዎን እያነበበ በእርስዎ ምትክ መንካት የሚችለው በዚያ ፈቃድ ነው። «አንኢንስቶል» የሚለው ከደበዘዘ «ዲቫይስ አድሚን» ውስጥ ገብተው ፈቃዱን ካነሱበት በኋላ ያጥፉት።

ሴፍ ሞድ ላይም ከቀጠለ፣ ወይም ፎርማት አድርገው ከተመለሰ፣ ነገሩ ሲስተሙ ውስጥ ነው። ፎርማት የሚያጠፋው የእርስዎን ፋይልና አፕ ነው፤ የሲስተሙን ክፍል አይነካም። ይህ በሀገራችን የታየ ነገር ነው። በ2020 በወጣ ምርመራ በኢትዮጵያ፣ በካሜሩን፣ በግብፅ፣ በጋናና በደቡብ አፍሪካ በተሸጡ ቴክኖ ደብሊው2 ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስ ሄልፐር የተባሉ ቫይረሶች ተገኝተዋል። ባለቤቱ ሳያውቅ የክፍያ አገልግሎቶች ላይ ያስመዘግቡት ነበር። አምራቹ ትራንሽን ችግሩ ከአቅራቢ ሰንሰለት የመጣ እንደሆነና ማስተካከያ እንዳወጣ ተናግሯል።

መፍትሄው ከአምራቹ የወጣ አዲስ ሶፍትዌር መጫን ነው። በኦሪጅናሉም ላይ ከተመለሰ ስልኩ አይድንም፤ ሲሙን አውጥተው ይተዉት። የተመዘገቡበትን አገልግሎት ለማቋረጥ አገልግሎቱ በላከልዎት መልእክት ላይ የተጻፈውን የማቋረጫ ቃል ወደዚያው አጭር ቁጥር ይላኩ።

ወንድምዎ ፊቱን ሲያሳየው ይከፈታል

ብዙ ርካሽ አንድሮይድ ፊት የሚለየው በሰልፊ ካሜራ ብቻ ነው፣ ፎቶ እንደማየት ነው። ይሞክሩት፦ ፎቶዎን ሌላ ስልክ ላይ ብርሃኑን ጨምረው ፊት ለፊት ይያዙለት። ከተከፈተ ምዝገባውን ሰርዘው በጣት አሻራና በ6 አሃዝ ፒን ይጠቀሙ። የአይፎን ፌስ አይዲ ከ30,000 በላይ የማይታዩ ነጠብጣቦችን ፊት ላይ ረጭቶ ጥልቀት ይለካል፤ ፎቶ አያታልለውም።

ከውጭ የተላከ ስልክ የሌላ ሰው ኢሜይል ይጠይቃል

አይፎን ከሆነ አክቲቬሽን ሎክ፣ አንድሮይድ ከሆነ የጎግል ቁልፍ ነው። ሁለቱም ሌባን ለመከላከል የተሠሩ ናቸው፤ ላኪው ከአካውንቱ ሳይወጣ ስልኩን ፎርማት ቢያደርገው ግን የእርስዎም ስልክ ይቆለፋል። ጥገና ቤት «እንሰብረዋለን» ቢል አይቸኩሉ። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለው ዘመድ ስልኩን ሳይነካ አይክላውድ ድረ ገጽ ላይ «ፋይንድ ዲቫይስስ» ገብቶ ስልኩን ከአካውንቱ ሊያወጣው ይችላል፤ በደቂቃ ያልቃል። አንድሮይድ ላይ የላኪው የጎግል ኢሜይልና ፓስወርድ ያስፈልጋል። ስልኩ የሚገዛ ከሆነና ሻጩ ይህን ማድረግ ካልቻለ አይግዙት።

ስልኩ ተከፍቶ ሳለ ከእጅ ይነጠቃል

የታክሲ መስኮት አጠገብ የሚነጠቅ ስልክ ብዙውን ጊዜ ያልተቆለፈ ነው። አይኦኤስ 17.3 ወይም ከዚያ በላይ ባለው አይፎን ላይ «ስቶለን ዲቫይስ ፕሮቴክሽን»ን ያብሩ፤ ከተለመደው ቦታዎ ውጭ የአፕል ፓስወርድ ለመቀየር ፊት ወይም አሻራ፣ የአንድ ሰዓት ጥበቃ፣ ከዚያ እንደገና ፊት ይጠይቃል። ፒንዎን ያየ ሌባ እዚህ ላይ ይቆማል። አይፎን 8 እና 10 ይህ የላቸውም፣ አይኦኤስ 17 አይጫንባቸውም። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ቴፍት ፕሮቴክሽን» ብለው ይፈልጉ፤ ስልኩ ተመንትፎ ሲሮጥበት በእንቅስቃሴው ለይቶ ራሱን ሊቆልፍ ይሞክራል። *#06# ደውለው የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

«ስልኬ ተጠልፏል፣ ይሞቃል»

ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ባትሪ ወይም ደካማ ኔትወርክ ነው። *#21# ላይ የሚወጣው ጽሑፍም የጥሪ ማስተላለፊያ ሁኔታን ብቻ ያሳያል፣ ጠለፋን አይናገርም። ያላዘዙት ማስተላለፊያ ካለ ##002# ያጠፋዋል።

ሳይጠይቁ የቴሌግራም ኮድ ከመጣ ግን እውነተኛ ምልክት ነው፤ እዚህ ላይ አይፎንም ቴክኖም እኩል ናቸው። ኮዱን ለማንም አይስጡ። ቴሌግራም ሴቲንግ ላይ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው የማያውቁትን ስልክ ወዲያውኑ ያስወጡ፣ ባለሁለት ደረጃ ፓስወርድ ያስገቡ። አዲስ የገባ ሰው ለ24 ሰዓት ያህል የእርስዎን ስልክ ማስወጣት አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ግን ይችላል።