ለፎቶ ኤዲቲንግ ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ?

ለፎቶ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ልትገዙ ካሰባችሁ ከፕሮሰሰሩ በፊት ስክሪኑን እዩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ረከስ ያሉ ላፕቶፖች ስክሪን ብዙ ጊዜ የኤስአርጂቢን (sRGB፣ ስልኮችና ድረ ገጾች በብዛት የሚጠቀሙበት መደበኛ የቀለም ክልል) ቀለሞች በሙሉ አያሳይም። ቀይ ቀሚስ ደብዘዝ ብሎ ይታያችሁና ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ትጨምራላችሁ፤ ፎቶው ስልክ ላይ ሲከፈት ቀሚሱ እሳት መስሎ ቁጭ! ስለዚህ አይፒኤስ (IPS፣ ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት) የሆነና 100% ኤስአርጂቢ የሚል ፈልጉ።

ሥራችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ያለ ብዙ ማመንታት ዴስክቶፕ ውሰዱ። በተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ አቅም ታገኛላችሁ፣ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ሲያንሳችሁም ትጨምራላችሁ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ በኋላ መጨመር የለም፤ ከመጀመሪያው 16 ጊጋባይት፣ ከተቻለ 32 ያዙ። ሌላው ጣጣ ሙቀት ነው፦ በመቶ የሚቆጠሩ ሮው ፋይሎችን (ካሜራው ሳያቀነባብር ያስቀመጣቸውን ጥሬ ፎቶዎች) አንድ ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ ላፕቶፕ ይግልና ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል።

እየተዘዋወራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ምርጫ የላችሁም፣ ላፕቶፕ ነው። እኔ ብሆን መካከለኛ ላፕቶፕ ገዝቼ የተረፈውን ብር ጥሩ ሞኒተር ላይ አውል ነበር፤ ቀለም የሚስተካከለው እዚያ ላይ ነው።

ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ፎቶ በፍላሽ ያዙ። ጥቁር ፀጉር ያለበትን ከፍታችሁ ስክሪኑን ወደፊትና ወደኋላ አዘንብሉት፤ ፀጉሩ ግራጫ ከመሰለ ወይም ቀለሙ ከተገለበጠ ተዉት።