የድምፅ ድግግሞሽን በጆሮ መለየት ሲያቅት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በሸዋ ሮቢት በሠርግ አዳራሽ፣ በዐውደ ምሕረትና በአነስተኛ ስቱዲዮ ሚክሰር ላይ ከሚቀመጡ ወጣቶች ብዙዎቹ «ጆሮዬ አይለይም» ብለው ተስፋ ሲቆርጡ ይሰማል። እንደ እኔ እምነት ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ጆሮው የሚመዝንበት ቋሚ መነሻ በማጣቱ የሚመጣ ስለሆነ፣ በልምምድ ይስተካከላል። ድግግሞሽ ማለት ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ሲሆን በሄርዝ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል።

ማይኩ ይጮኻል፤ የትኛው ድግግሞሽ እንደሆነ ግን አይታወቅም

ሰባኪው ወደ ስፒከሩ በተጠጋ ቁጥር ማይኩ ሲያፏጭ የኢኩላይዘሩን (እያንዳንዱን የድግግሞሽ ክልል ለብቻው የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን መሣሪያ) መቆጣጠሪያዎች አንድ በአንድ እየነካኩ መፈለግ የተለመደ ነው። መንስኤው የተሰማው ፉጨት ከቁጥር ጋር የሚያያዝበት መለያ በአእምሮ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ለዚህ ፊደላችን ትልቅ እገዛ ያደርጋል። አናባቢዎችን እርስ በርስ የሚለያያቸው በአፍ ውስጥ ጎልተው የሚወጡት ድግግሞሾች በመሆናቸው፣ ካዕቡ «ኡ» ለ250 ሄርዝ፣ ሳብዑ «ኦ» ለ500፣ ራብዑ «ኣ» ለ1000፣ ሐምሱ «ኤ» ለ2000፣ ሳልሱ «ኢ» ደግሞ ለ4000 ሄርዝ የቀረበ ቀለም አላቸው፤ ከዚያ በላይ ወደ 8000 ሲወጣ «ስ» የሚል ፉጨት ይሰማል። በስልክ በሚጫን የድምፅ ማመንጫ መተግበሪያ እነዚህን ድምፆች እያሰሙ አናባቢውን አብሮ ማለት፣ ቀጥሎም ጓደኛ ቁጥሩን ሸሽጎ ሲያሰማ መገመት ያስፈልጋል። 1000ን 2000 ማለት፣ ማለትም በአንድ ኦክታቭ (በድግግሞሽ እጥፍ) መሳሳት፣ በጀማሪ ዘንድ የሚጠበቅ ነው። ኦክታቮቹ ከተለዩ በኋላ ባለ 31 ባንዱ (ድምፁን በ31 የድግግሞሽ ክልሎች የሚከፍለው) ኢኩላይዘር ላይ እንዳሉት እንደ 800፣ 1000 እና 1250 ወዳሉ ጠባብ ልዩነቶች መግባት ይቻላል።

ሲጨመር ይሰማል፤ ሲቀነስ ግን አይሰማም

ጆሮ ከጎደለው ይልቅ የበዛውን ቶሎ ያስተውላል። ስለዚህ በፒንክ ኖይዝ (ሁሉንም ድግግሞሾች በያዘ፣ እንደ ፏፏቴ በሚሰማ ድምፅ) ላይ አንዱን ባንድ በ12 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ከፍ አድርጎ መጀመር፣ ሲለመድ ወደ 6፣ ከዚያም ወደ 3 መውረድ፣ ቅነሳውንም ከዚያ በኋላ መለማመድ ይገባል።

የታችኛው ድምፅ ግምት ሁልጊዜ ይሳሳታል

እዚህ ላይ ጥፋቱ የክፍሉ ነው። በብሎኬት በተሠራ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ 57 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በግድግዳው ሥር ይገዝፋል፣ በክፍሉ መሐል ደግሞ ይጠፋል፤ አንድ እርምጃ መንቀሳቀስ ብቻ ፍርዱን ይለውጠዋል። ብዙዎች የመንዝ ባና ወይም ዝተት በግድግዳው ላይ ይሰቅላሉ። ሱፉ የላይኛውን ድምፅ ስለሚውጥ ማስተጋባቱ ይቀንሳል፤ ርዝመቱ ስድስት ሜትር የሆነውን የቤዝ ሞገድ ግን ሊይዘው አይችልም፤ እንዲያውም ላይኛው ብቻ ተውጦ ክፍሉ ከበፊቱ ይበልጥ የታፈነ ይመስላል። ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን ልምምድ ጥሩ በሆነ ሄድፎን ማድረግ የተሻለ ነው።

ትናንት የተለየው ዛሬ አይለይም

የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ለቤዝ ያለው ስሜት ከመካከለኛው ይልቅ ይደክማል። ስለሆነም በየቀኑ በተለያየ ከፍታ የሚለማመድ ሰው በየቀኑ ሌላ ነገር እየሰማ ነው። የድምፁን ከፍታ በአንድ ቦታ ምልክት አድርጎ መያዝ፣ ባንዱ ሲጨመርም አጠቃላይ ድምፁን በዚያው ልክ ማውረድ ይጠቅማል፤ አለበለዚያ የሚለየው ድግግሞሹ ሳይሆን ጩኸቱ ይሆናል።

በፒንክ ኖይዝ የተለየው በበገና ላይ ይጠፋል

የበገና አውታር መሠረታዊ ድምፁ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ አውታሩ ሲርገበገብ እየነካችው የመሠረቱን ብዜቶች በብዛት ታወጣለች። ያልሠለጠነ ጆሮ ያንን ንዝረት እንደ ብልሽት ቆጥሮ ከ1000 ሄርዝ በላይ ያለውን ይቆርጣል፤ በዚህም የበገናው ነፍስ ይወጣል። ይህ በእውነት የሚያሳዝን ነው። መፍትሄው ከደርዳሪው አጠገብ ተቀምጦ ያለ ማይክ ማዳመጥ፣ ከዚያም በቀረጻው ላይ አንድ ባንድ በ10 ዴሲቤል አጉልቶ ከታች ወደ ላይ በዝግታ እያንቀሳቀሱ መሠረቱ፣ አካሉና ንዝረቱ የሚኖሩበትን ቦታ መመዝገብ ነው። የኤሌክትሪክ «እምም» የሚል ድምፅ ካለ ግን በ50 ሄርዝና በብዜቶቹ በ100 እና በ150 ላይ ሳይቋረጥ ስለሚቆይ፣ ደርዳሪው እጁን ሲያነሣ ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

ሌሊቱን በሠርግ ስፒከር ሥር ያደረ ጆሮ ለጊዜው ስለሚደነዝዝ በማግሥቱ ልምምድ ማድረግ አይገባም፤ ጭውታው እስኪጠፋ ድረስ ማረፍ፣ ሳይጠፋ ከቀናት በላይ ከቆየ ደግሞ ለሐኪም መታየት ያስፈልጋል።