ሜትሩ 1.1 ሲል ወዲያው አትመኑት፦ የአማተር ሬዲዮ ገመድ ስናገናኝና ስንቀጥል የምንሠራቸው ስህተቶች

ጣሪያዬ ላይ የሁለት ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት ሁለት ሜትር ያህል የሆነ) አንቴና ስሰቅል የኤስደብሊውአር ሜትሩ 1.6 አሳየኝ። ይህ ሜትር ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል ነው የሚያየው፤ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ዝናቡ ካለፈ በኋላ 1.1 ሆነ። ደስ አለኝ፤ አንቴናው በራሱ ጊዜ ተሻሻለ ብዬ አወራሁ። ችግሩ፣ የሚሰማኝ ሰው ጠፋ።

ገመዱን አውርጄ ኮኔክተሩን ስፈታው ውሃ ጠብ አለ። የመሀሉን ሽቦ የሚከብበው የመዳብ መረብ አረንጓዴ ሆኗል። ሜትሩ አልዋሸም። ውሃ የጠጣ ገመድ ኃይሉን ሲሄድም ሲመለስም ይበላዋል። ከአንቴናው ተመልሶ ሬዲዮው ጋ የሚደርስ ነገር ስለሌለ ሜትሩ ጥሩ ቁጥር ያሳያል። አንቴናው ጋ ምን ያህል እንደደረሰ ግን አይነግራችሁም።

ጥፋቱ የኔው ነው። ፒኤል-259 የሚባለው ኮኔክተር ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ውሃ የማያስገባ መስሎኝ ነበር። ያስገባል። ውጪ የሚውል ከሆነ እርስ በርሱ የሚጣበቀውን የጎማ ናስትሮ እየሳባችሁ ጠቅልሉት። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረብ። ፀሐይ ጎማውን እንዳይጎዳው ከላዩ ጥቁሩን የኤሌክትሪክ ናስትሮ ጨምሩ። ሲሊኮን የምትቀቡ ከሆነ መጀመሪያ አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ዓይነት መዳብ ይበላል። ገመዱ ደግሞ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል።

እንደ ዲሽ ገመድ ጠምዝዞ መቀጠል። አገር ቤት የዲሽ ገመድ ሲበጠስ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም አይተናል። መሀሉን ከመሀሉ፣ መረቡን ከመረቡ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ነው። ኮአክሲያል ገመድ (የኛው የሬዲዮ ገመድ) ግን 50 ኦም፣ ማለትም ሬዲዮው የሚጠብቀው ልክ፣ የሚሆነው በመሀሉ ሽቦና በመረቡ ውፍረት ንጽጽር፣ እንዲሁም በመካከላቸው ባለው ፕላስቲክ ዓይነት ነው። ስትፈቱት ያ ቅርጽ ይፈርሳል። በ7 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 40 ሜትር ያህል ስለሆነ የሦስት ሴንቲሜትር ብልሽት ላይሰማው ይችላል። በ430 ሜጋኸርዝ ግን ሞገዱ ራሱ 70 ሴንቲሜትር ነው፤ ያቺው ሦስት ሴንቲሜትር ቀላል አይደለችም። ውሃውና ልል ግንኙነቱ ግን በየትኛውም ባንድ ላይ አይምሯችሁም። ሁለቱም ጫፍ ላይ ኮኔክተር ግጠሙና በሁለት በኩል ሴት በሆነው ማገናኛ አያይዙት።

"እያንዳንዱ ኮኔክተር አንድ ዴሲቤል ይበላል" የሚል ወሬ ትሰማላችሁ፤ ዴሲቤል እዚህ ጋ ምን ያህል ኃይል እንደጠፋ መለኪያው ነው። ኮኔክተር የሚፈሩት ሰዎች ጠምዝዘው የሚቀጥሉት በዚህ ወሬ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ100 ዋት ስታወሩ አንድ ዴሲቤል ከጠፋ 20 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ እዚያች ኮኔክተር ላይ ይቀራል ማለት ነው። ትንሽ የብየዳ ካውያ በሉት፤ በእጅ አይነካም ነበር። በደንብ የተገጠመ ኮኔክተር በአጭር ሞገድ ባንዶች ላይ ከ0.1 ዴሲቤል በታች ነው የሚያጠፋው።

በስሙ መሸወድ። ፒኤል-259 "ዩኤችኤፍ ኮኔክተር" ይባላል፤ ዩኤችኤፍ እጅግ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት በ1930ዎቹ ነው፤ ያኔ ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ እጅግ ከፍተኛ ይባል ነበር። ለአጭር ሞገድ ምንም አይወጣለትም፤ ሁለት ሜትር ባንድ ላይም ይሠራል። ለ70 ሴንቲሜትር ባንድ (ለ430 ሜጋኸርዙ) ግን እኔ ኤን የሚባለውን ነው የምገዛው። የቤል ላብራቶሪው ፖል ኒል በ1940ዎቹ የነደፈው ነው፤ ስሙም ከሱ የመጣ ነው። 50 ኦሙን ይጠብቃል፣ ውስጡም የጎማ ቀለበት አለው። ስትገዙ ግን 75 ኦም የሆነውን እንዳታመጡ። የ75ቱ የመሀል መርፌ ቀጭን ነው። የ50ውን ወንድ የ75ቱ ሴት ውስጥ ብትከቱት ትሰብሩታላችሁ።

ኤስኤምኤ የምትባለው ትንሿ ኮኔክተርም ወጥመድ አላት። የዋይፋይ ዕቃዎች ላይ ያለው መርፌና ቀዳዳው የተገለባበጠ ነው። ጥርሱ ይገጥማል፣ እስከ መጨረሻውም ይታሰራል፤ መሀሉ ግን አይነካካም።

የተረፈ የዲሽ ገመድ። ብዙዎች ይህን እንደ ትልቅ ኃጢአት ያዩታል። 75 ኦም መሆኑ 50 ኦም ላይ የሚያመጣው ኤስደብሊውአር 1.5 ለ1 ነው፤ ሬዲዮ አይገድልም። እውነተኛው ችግር መረቡ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም መሆኑ ነው። አሉሚኒየም ስታኞ አይዝም። ካውያ አትልፉበት፤ የራሱን የኤፍ ኮኔክተር አድርጉለትና በአዳፕተር ቀይሩት።

ውፍረቱን ሳይለኩ መግዛት። አርጂ-58 የሚባለው ገመድ አምስት ሚሊሜትር ነው፣ አርጂ-213 ደግሞ አሥር ሚሊሜትር ያህል። ቀጭኑን ፒኤል-259 ውስጥ ለመክተት ማጥበቢያ ያስፈልጋል፦ ለአርጂ-58 ዩጂ-175፣ ወፈር ላለው አርጂ-8ኤክስ ዩጂ-176። በናስትሮ አወፍሮ መሰካት የሚሉት ዘዴ አለ፤ ተዉት። ተጨምቆ የሚገጠመውንም በፒንሳ አትጭመቁት፤ የራሱ መጭመቂያ አለው።

ትንሽ ካውያ። የፒኤል-259 አካል ወፍራም ብረት ነው። 30 ዋት ካውያ ይዛችሁ ብትቆሙበት ስታኞው ሳይቀልጥ የውስጡ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ከዚያ መሀሉና መረቡ ይነካካሉ። 100 ዋትና ከዚያ በላይ፣ ጫፉ ሰፊ የሆነ ካውያ ያዙ፤ ቶሎ ነክታችሁ ቶሎ ውጡ። ሲቀዘቅዝ አንቴናው ሳይሰካ በቴስተር መሀሉንና መረቡን ለኩ፤ መነካካት የለባቸውም። ገመዱን እያወዛወዛችሁም ለኩት።

ብየዳ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የኮኔክተሩን ማሰሪያ ቀለበት ገመዱ ላይ አስገቡ። እኔ ስንት ዓመት ሠርቼ አሁንም እረሳዋለሁ። ብየዳው አምሮ፣ ቴስተሩም እሺ ብሎ ቀና ስል ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል።