ለመክተፍ ወይስ ለማስቀመጥ? ቢላ ሲገዙና ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውድ ቢላ ገዝቶ ከነሳጥኑ የሚያስቀምጥ ሰው አለ፤ በገዛበት ዕለት ሽንኩርት የሚከትፍበትም አለ። ሁለቱንም አልነቅፍም። የሚያሳዝነኝ ነገሩ ሲምታታ ነው፦ ለሥራ የተቀጠቀጠው ሳጥን ውስጥ ይዝጋል፣ በጥንቃቄ መያዝ የነበረበት ደግሞ የበግ ጎድን ሲመቱበት ይሸረፋል።

ሳይወስኑ መግዛት። ለምን እንደሚገዙት አስቀድመው ይወቁ። ዋጋው በዕድሜውና በሠሪው እጅ ላይ የቆመ አሮጌ ቢላ ከሆነ አይሳሉት። በተሳለ ቁጥር ብረቱ ይቀንሳል። ዘመን ያጠቆረውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ቢያበሩት ደግሞ ሰብሳቢ የሚፈልገውን ነገር ፋቁት ማለት ነው።

በአፎቱ አኑሮ መርሳት። የቆዳ አፎት ለመያዣ እንጂ ለዓመታት ማስቀመጫ አይሆንም። ቆዳው እርጥበት ያቁራል፤ ሲለፋ የገባበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። ስለቱን ጠርገው፣ ስስ የማሽን ዘይት ቀብተው፣ ከአፎቱ ለይተው ደረቅ ቦታ ያኑሩት። ምግብ የሚነካ ከሆነ ለምግብ ዕቃ የሚሆነውን የማዕድን ዘይት ይምረጡ። የምግብ ዘይት ግን ሲቆይ ይሸታል፣ ይጣበቃል።

በሞገዱ መማረክ። «ደማስቆ» እየተባሉ በሚሸጡ ቢላዎች ላይ የሚታየው የሞገድ መስመር ያምራል፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ የዛሬ የማእድ ቤት ቢላዎች እሱ የውጭ ልባስ ነው። የሚቆርጠው መሃሉ ላይ ያለው ብረት ነው። ሻጩን የሚጠይቁትም ስለ እሱ ይሁን። ቪጂ 10 የሚባለው የጃፓን ብረት ከሆነ 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ስላለው ዝገትን ይቋቋማል። ሺሮጋሚ የሚባለው የካርቦን ብረት ከሆነ ግን ቲማቲም ቆርጠው ሳያጥቡ ሊተዉት አይችሉም።

አጥንት መምታት። እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ዞሊንገን በተባለችው የጀርመን ከተማ የሚሠሩት ቢላዎች ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ ባብዛኛው ከ56 እስከ 58 አካባቢ ነው፤ ብዙዎቹ የጃፓን ቢላዎች 60ን ያልፋሉ። ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ስለቱ ይቆያል፣ ግን ጫና ሲበዛበት በመታጠፍ ፈንታ ይሸረፋል። ስለዚህ በእነዚህ ጎድን አይመታም፣ በረዶ የሆነ ሥጋም አይሰነጠቅም። የሚገርመኝ የእናቶቻችን የዶሮ አወጣጥ ለዚህ ቢላ የታሰበ መምሰሉ ነው። 12ቱን ብልት የሚያወጣ ባለሙያ አጥንት አይሰብርም። መጋጠሚያውን በጣቱ ይፈልጋል፣ እግሩን ወደ ኋላ ቀልበስ ያደርጋል፣ የአጥንቱ ራስ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ጅማቱን ብቻ ይቆርጣል። በዚህ መንገድ ቀጭኑ ስለትም ምንም አይሆንም። ለትልልቁ አጥንት የሥጋ ቤት መጥረቢያ ይያዙ።

ቢላን በቢላ ማፋጨት። የሰሃን ቂጥ ላይ መሳልም ያው ነው፤ ለስላሳውን ብረት ለጊዜው ያነቃዋል፣ ጠንካራውን ግን ይሸርፈዋል። የሻካራነት ቁጥሩ 1000 የሆነ የመሳያ ድንጋይ ይግዙና ያርጥቡት። የስለቱ ስፋት 5 ሴንቲሜትር ከሆነ የቢላው ጀርባ ከድንጋዩ 13 ሚሊሜትር ያህል ሲነሳ የሚስሉበት ማዕዘን 15 ዲግሪ ይሆናል። አንዱን ወገን እየሳሉ ሌላኛውን ወገን ከጀርባው ወደ ስለቱ በአውራ ጣት ይዳብሱ። ከዳር እስከ ዳር ሻካራ ጠርዝ ሲነካዎት ያገላብጡት። ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ አቁሞ ድንጋዩን ይወቅሳል።

መስታወት ላይ መክተፍ፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ መክተት፣ መሳቢያ ውስጥ ከማንኪያ ጋር ማደባለቅ፦ ሦስቱም ስለት ይገድላሉ። የእንጨት መክተፊያ ይጠቀሙ፣ በእጅ ይጠቡ፣ ወዲያው ያድርቁ።

መልኩ ይበላሻል ብሎ መፍራት። የካርቦን ብረት በሥጋና በሽንኩርት ሲሠራበት ግራጫ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ጉዳት አይደለም፤ ቀዩን ዝገት የሚያዘገይ ሽፋን ነው፣ አይፋቁት። ቀይ ነጥብ ካዩ ግን ሳያድር በቤኪንግ ሶዳና በእርጥብ ጨርቅ ያስለቅቁት።